ዐምርን ማን ይጫወተው?



ክረምት ገብቶ መደበኛው ትምህርት ሲዘጋ መድረሳዎቻችን በሕፃናት ይሞላሉ። ሐምሌ ሳይጋመስም አንድ የታወቀ ጥያቄ ይነሣል፤ «ለመዝጊያው ዝግጅት ልጆቹ ምን ያቅርቡ?» ቁርኣን ይቀራል፤ ነሺዳ ይባላል፤ ጥያቄና መልስ ይኖራል። ከዚያም አንዱ «ድራማስ?» ይላል፤ ሁሉም ይስማማል። «ማን ያዘጋጀው?» ሲባል ግን ሁሉም አንገቱን ይደፋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ ኮልፌ አካባቢ በምትገኝ አንዲት መድረሳ፣ አንገታችንን ለመድፋት የዘገየነው እኛ ነበርን።

ሦስት መምህራን ነን። ከመካከላችን ቴአትር የተማረ የለም። ጧት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ያደግን ነንና ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይዘናል። በመድረክ በኩል ያለን ልምድ በወላጆች ቀን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘን ደን ሆነን መቆማችን ብቻ ነው። የተሰጡን ልጆች 23 ሲሆኑ ትንሹ የስድስት፣ ትልቁ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። ከእነርሱ ጋር ያሳለፍነውን እንደሆነው እንነግራችኋለን፤ ጥፋታችንንም ጭምር። ጥፋቱ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በሌሎች መድረሳዎች ዝግጅት ላይ ተቀምጠን አይተናልና።

የመረጥነው ታሪክ

ለሐበሻ ሙስሊም ልጅ ከመጀመሪያው ሂጅራ የቀረበ ታሪክ የት ይገኛል? በነቢይነቱ አምስተኛ ዓመት፣ በ615 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የመካ ቁረይሾች መከራ ያበዙባቸው ጥቂት ሙስሊሞች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን መጡ። በኋላም ሌሎች ተከተሏቸው። ቁረይሾች ዝም አላሉም። ዐምር ኢብኑል ዐስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ላኳቸው። መልእክተኞቹ የመካ ቆዳ ጭነው መጡ፤ ሐበሾች ቆዳቸውን ይወዱ ነበርና። ብልሆች ስለነበሩም ስጦታውን መጀመሪያ ለቤተ መንግሥቱ ሹማምንትና ቀሳውስት አደሉ፤ ቀጥለው ንጉሡ ዘንድ ቀረቡ። ነጃሺ ግን ሳይሰማቸው አሳልፎ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆመው ተናገሩ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበቡ። ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። በማግስቱ ዐምር የዒሳን (ዐ.ሰ.) ነገር አንሥቶ ሊያጣላቸው ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ስጦታውም ተመለሰለት።

ይህን ሁሉ የነገሩን ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት፣ በኋላም የምእመናን እናት የሆኑት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው። ንጉሥ አለበት፤ ክርክር አለበት፤ ስጦታ አለበት፤ እንባ አለበት። ለድራማ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እኛም ደስ ብሎን ብዕር አነሣን።

አንዳንድ ወላጅ «ቴአትር ምኑ ነው ለመድረሳ?» ማለቱ አልቀረም። መልሳችን አጭር ነበር። በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ድርሰታቸውን ለመድረክ ያበቁት በተማሪዎች ነው፤ ነገሩ ከትምህርት ቤት የወጣ እንጂ ወደ ትምህርት ቤት የገባ አይደለም። ደግሞስ ልጅ መጫወቱን መቼ ያቆማል? ለእኛ የቀረው የሚጫወተውን መምረጥ ነው። ከዚህ በላይ አልተከራከርንም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነበር። ነቢያትን በተዋናይ ማሳየት እንደማይፈቀድ ዑለማው የተስማሙበት ነው። ሰሐቦችን በተመለከተ ግን ክርክር አለ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የዑመር (ረ.ዐ.) ሕይወት በተከታታይ ፊልም ሲቀርብ አል-አዝሀር መቃወሙን፣ የደገፉ ዑለማም መኖራቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እኛ የመድረሳችንን ሸህ ጠየቅን። «የጃዕፈርን ልብስ ለልጅ አታልብሱ፤ ቃላቸውን ግን አሰሙ» አሉን። እሺ አልን። ጃዕፈርን ከመድረክ አወጣናቸውና ንግግራቸውን አንዲት ተራኪ ልጅ «እንዲህ አሉ» እያለች እንድታቀርበው አደረግን። ጥንቃቄያችንን ጨረስን ብለን ተኛን።

ተልቂንና ጣጣው

የስድስት ዓመት ልጅ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቃለ ተውኔት አንብቦ አያጠናም። እኛ ደግሞ ለዚህ የታወቀ ዘዴ አለን፤ ሸሁ ይላል፣ ደረሳው ይመልሳል። ቁርኣን የያዝነው በዚሁ ነው። ድራማውንም በተልቂን ጀመርነው። በአራት ቀን ሁሉም የራሱን ብቻ ሳይሆን የሃያ ሦስቱንም ንግግር ሸመደደ። ተደነቅን።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። ልጆቹ ንግግሩን የያዙት ከነዜማው ነበር። የገበያው ጨው ነጋዴ «ጨው ግዙ» የሚለውን እንደ መድ ስድስት ሐረካ እየጎተተ ያቀራዋል። የበር ጠባቂው «ማነህ አንተ?» ሲል ሰውነቱን ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዛል። አንዲቱ ሕፃን ንግግሯን ስትጨርስ «ሰደቀላሁል ዐዚም» ብላ ዘጋች። ሸሁ በዚያ በኩል ሲያልፉ ሰምተው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ግን ቁርኣንና ተራ ንግግር በአንድ ዜማ እንዳይደባለቁ አጥብቀው አስጠነቀቁን። ልክ ነበሩ።

መድኃኒቱን ያገኘነው ወረቀቱን በመጣል ነው። ጨው ነጋዴውን «እናትህ ሱቅ ልካህ ባለሱቁ አልሰማ ሲልህ ምን ትላለህ?» አልነው። «እንዴ! ስጠኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። «እንደዚያ ነው ጨው የሚሸጠው» አልነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ንግግር ከአምስት ቃል በላይ እንዳይሆን ቆረጥን፤ ልጁ በራሱ አፍ ሲለውጠውም ትርጉሙ እስካልተፋለሰ ድረስ አላረምንም። እኛ የጻፍነው አማርኛ ከእነርሱ አማርኛ በብዙ ያንስ ነበር።

ድምፅን በተመለከተ «ጮክ በል» የሚለው ቃል ለልጅ አይሠራም። ጮክ ሲል ይቆጣል፤ ሲቆጣ ደግሞ ይፈጥናል። እኛ አንዳችን ከአዳራሹ መጨረሻ ግድግዳውን ተደግፈን እንቆማለን፤ ካልሰማን እጃችንን ጆሯችን ላይ እናደርጋለን። ልጁ ለእኛ ብሎ ድምፁን ይልካል። መቆሚያቸውን ወለሉ ላይ በጠመኔ አከበብንላቸው። ያለዚያ ሁሉም ወደ መካከል ይጎርፋሉ፤ የሁሉም እናት መካከል የተቀመጠች ይመስል!

ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከአርባ ደቂቃ ያልበለጠ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰዓት አቆየናቸውና ሁለቱ ተጣሉ፤ አንዱ እንቅልፍ ወሰደው።

«ዐምር እኮ…»

ጃዕፈር ከመድረክ ቢወጡም ዐምር ቀርቶ ነበር። በጊዜው ሙሽሪክ ስለነበረ እንደማንኛውም የቁረይሽ ሰው ቆጠርነው። ለቦታው የመረጥነው የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ከሁሉም ደፋር፣ ድምፁ የሚሰማ፣ ንግግር የማይረሳ። ቅንድቡን በከሰል አወፈርንለት። ሲገባ በጎን እያየ ክፉ ሣቅ እንዲሥቅ አስተማርነው። ልጁም ጎበዝ ነበርና እኛ ካልነው አብልጦ ሠራው። ሌሎቹ በሳቅ ይወድቃሉ፤ ሲወጣ «ሂድ!» ብለው ይጮኹበታል። ይህን የድራማው ጨው አድርገን ነበር የምናየው።

በሦስተኛው ሳምንት የልጁ እናት መጡ። ሰላምታ አቅርበው፣ ስለ ጤናችን ጠይቀው፣ ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «ኡስታዞች፣ ልጄን ለምንድን ነው ቁረይሽ ያደረጋችሁት?» አሉ። «እትዬ፣ ድራማ ነው እኮ፤ ደፋር ስለሆነ ነው» አልናቸው። «እሱማ ይገባኛል» አሉ። «ግን ታናሽ ወንድሙ አብሮት አልበላም ብሏል። ሰፈር ውስጥም ‹ካፊሩ› እያሉት ነው። ትናንት ውዱእ ሲያደርግ አንዱ ልጅ ውኃውን ደፋበት።»

አጽናንተን ሸኘናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እናት ስለሆኑ ነገሩን አግንነውታል ብለን ነበር። ልጆቹን ሰብስበን «ድራማ ነው፤ ማንም ማንንም እንዳይሳደብ» ብለን ቆጣ አልን። በማግስቱ ልምምድ ላይ ልጁ ጠመኔው ክበብ ውስጥ ቆመ እንጂ አልሣቀም። «ሣቅ እንጂ» አልነው።

«ኡስታዝ» አለ፤ «ዐምር እኮ ሰሐባ ነው። አባባ ነገሩኝ። ሰሐባ ከሆነ ለምን ትስቁበታላችሁ?»

አባባ የሚላቸው አያቱን ነው። ሦስታችንም ተያየን። የማናውቀው ነገር ሆኖ አይደለም። ዐምር ኢብኑል ዐስ (ረ.ዐ.) በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከመካ መከፈት በፊት፣ መዲና ሄደው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ገብተዋል። ግብጽን የከፈቱ የጦር መሪ መሆናቸውንም በታሪክ ትምህርት አስተምረናል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው ወደ ኢስላም መግባታቸው የተወሰነው እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ስደተኞቹን ሊያስይዙ በቆሙበት በዚያው በነጃሺ ፊት፣ ዓመታት ቆይተው ዳግም በመጡ ጊዜ መሆኑ ነው። አብሯቸው የመጣው ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓም በኋላ ሰልሟል። ይህን ሁሉ እያወቅን የልጁን ቅንድብ በከሰል ቀባን።

ወደ ሸሁ ሄድን። ሰምተው ሲያበቁ አልተቆጡም። «ስለ ጃዕፈር ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ስለ ዐምር አልጠየቃችሁኝም» አሉ። ከዚያም «ልጁን አምጡልኝ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ስለ ምን እንዳወሩ አልነገሩንም።

ውድ ወላጆችና ወጣት መምህራን! እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ብንል ደስ ይለናል። ትልቅ ሰው ክፉ ሰው ሆኖ ቢጫወት ከመድረክ ሲወርድ ልብሱን ያወልቃል። የስምንት ዓመት ልጅ ግን ከመድረክ ወርዶ የሚሄደው አብረውት ወደተጫወቱት ልጆች ነው፤ ሰፈሩ፣ ውዱእ ማድረጊያው፣ የእራት ማዕዱ ሁሉ መድረክ ይሆንበታል። እኛ የተጨነቅነው አዳራሹ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ስለሚቀመጠው ተመልካች ነበር። አቡ ጀህልን ወይም ቢላልን (ረ.ዐ.) የሚያሠቃየውን ኡመያን ለሕፃን የምትሰጡ ወንድሞች፣ ልጁ በማግስቱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አልጠየቅንም ነበር።

በር ላይ

ሊቀርብ ሦስት ሳምንት የቀረውን ድራማ አፈረስነው። ጃዕፈርም፣ ዐምርም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላተል ጋኢብ የሰገዱላቸው ደጉ ንጉሥም የማይታዩበት ድራማ እንዴት ይሠራል? ፍንጩን ያገኘነው «አር-ሪሳላ» ከተባለው የ1976 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው። እዚያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም፤ ሌሎቹ ተዋንያን ግን ከፊታቸው እንዳሉ ሆነው ወደ ካሜራው ይናገራሉ፤ ተመልካቹም የቀረበት ነገር ያለ አይመስለውም። የማይታየውን የሚያሳየው የሚያየው ሰው ፊት ነው። ልጆች ደግሞ በበር ቀዳዳ ከማየት የበለጠ የሚችሉት ምን አለ?

ስለዚህ መድረኩን ከቤተ መንግሥቱ አዳራሽ አውጥተን ወደ በሩ አመጣነው። በሩ ላይ ትንሽ ገበያ አለ። ጨውና ብረት አስቀመጥንበት፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢውን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ወስደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏልና። የአክሱም ነገሥታት የራሳቸውን ሳንቲም ያስቀርጹ ስለነበር ልጆቹ በካርቶን ሳንቲም ሠሩ፤ በንጉሡ ምስል ግራና ቀኝ የሚታዩትን ሁለት የስንዴ ዘለላዎች ሳይቀር ሣሉበት። የተሣለው ንጉሥ በአብዛኛው የድራማውን አዘጋጆች ይመስል ነበር።

ታሪኩን የሚከፍቱት እነዚህ የገበያ ልጆች ናቸው። ባሕር ተሻግረው የመጡ እንግዶች ሲያልፉ ያያሉ፤ እንግዶቹን ግን ተመልካቹ አያይም፤ የሚያየው ልጆቹ አንገታቸውን አዙረው ሲከተሏቸው ነው። ቀጥሎ ሌሎች እንግዶች ጭነት ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ልጆቹ ጆሯቸውን ለጥፈው የሰሙትን ለሌላው ያቀብላሉ፤ «ምን አለ?» «ስጣቸው አለ!» «ንጉሡስ?» «ዝም አለ!» አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከጎን ቆማ «ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን» እያለች ትተርካለች። ሱረቱ መርየም ሲደርስ ከጀርባ አንድ ትልቅ ደረሳ ጥቂት አንቀጾች በቴፕ ሳይሆን በራሱ ድምፅ ይቀራል፤ ገበያው በሙሉ ይቀመጣል። ልጆቹን «አልቅሱ» አላልናቸውም። «ዝም ብላችሁ ስሙ» ብቻ አልናቸው። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ ከማልቀስ ይከብዳል።

የቀረው ያ ልጅ ነበር። ቦታው ከድራማው ጠፍቷል። «ምን ትሆናለህ?» ብለን ራሱን ጠየቅነው። አስቦ «ቆዳውን ማን ይሸከማል?» አለ። አላሰብንበትም ነበር። መልእክተኞቹ ባይታዩም ስጦታው መግባት አለበት፤ ኋላም መመለስ አለበት። ተሸካሚ ሆነ። ምንም ንግግር አልነበረውም። ሸክሙን ይዞ ይገባል፤ ሸክሙን ይዞ ይወጣል።

ቆዳውን ከአንድ ጎረቤት ሥጋ ሻጭ አገኘን። ደርቋል ቢሉንም ሽታው አልደረቀም። ለሌላ ጊዜ የምታዘጋጁ ሁሉ ጆንያ አጣጥፉ፤ እኛን አትስሙ።

የዝግጅቱ ዕለት

መብራት ይጠፋል ብለን ማይክራፎን ላይ ያልተመካነው በጀን፤ ጠፋም። መጋረጃችን በገመድ የተዘረጋ ሁለት አንሶላ ነበር። ከተዋናዮቹ ይልቅ ያደከመን ከአንሶላው ጀርባ ነው። ልጅ ተራውን ሲጠብቅ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይመጣል፣ እናቱን ፍለጋ አንሶላውን ገልጦ ያያል። ከሦስታችን አንዳችን ሥራችን ይኸው ብቻ እንዲሆን አስቀድመን ባንወስን ኖሮ የአክሱም ገበያ ሳይከፈት ይዘጋ ነበር። ውኃና ቂጣ ነበረን፤ ጣፋጭ አላመጣንም፤ ጥርስ ላይ ይጣበቅና ንግግር ይይዛል። ሴት ልጃቸው መድረክ እንዳትወጣ ሲሉ የነበሩ አንድ አባት ደግሞ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

አንዷ ሕፃን የተመልካቹን ብዛት ስታይ አፏን ከፍታ ቆመች። ከጀርባ ሆነን ንግግሯን በሹክሹክታ ልናቀብላት ስንል አጠገቧ የቆመው ጨው ነጋዴ «እህቴ፣ ጨው ልስጥሽ?» አላት። «ስጠኝ» አለች፤ ከዚያ ንግግሯ መጣላት። እንዲህ ያለውን ማንም አያስተምርም።

ቅርኣቱ ሲሰማ አዳራሹ ጸጥ አለ። በሩ ተከፈተ። የበር ጠባቂው «ውሰድ፤ ንጉሡ አልፈለገውም» ብሎ ለተሸካሚው ቆዳውን መለሰለት። ልጁ ሸክሙን አነሣ። እንደተለማመደው በግራ በኩል መውጣት ነበረበት። እርሱ ግን ጠመኔው ክበብ ላይ ቆመ፤ ወደ በር ጠባቂው ዞሮ «ጌታዬ ግን ተመልሶ ይመጣል» አለ። ከዚያም ወጣ።

ከወጣቶቹ ብዙዎቹ አልገባቸውም። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን «አላሁ አክበር!» አሉ፤ አያቱ መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። የበር ጠባቂው ደግሞ ይህ በልምምድ ስላልነበረ ግራ ገብቶት «እሺ፣ ይምጣ» ብሎ መለሰ፤ አዳራሹም ሳቀ።

ዝግጅቱ ሲያልቅ የልጁ እናት መጥተው «ይህንን እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። አይደለንም አልናቸው። ሸሁንም ጠየቅናቸው፤ «እኔ ታሪኩን ነው የነገርኩት» አሉን። ልጁን ለመጠየቅ ስንፈልገው ቆዳውን ተሸክሞ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ወደ ሥጋ ሻጩ ቤት እየሄደ ነበር፤ ወንድሙ በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ፣ በሌላው እጁ የቆዳውን ጫፍ ያነሣለታል።